አባባ እንግዳው ባሕር ማዶ ነበሩ

ጡረታ በወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ኬክ ቆረሱልኝ፣ አለቃዬ ንግግር አደረገ፣ በማሰሮ የተተከለ አበባም ሰጡኝ። በንግግሩ ውስጥ «ዝናሽ ድልድይ ነበረች» የሚለውን ደጋግሞ ተናገረ። የሥራዬ ስም በዕብራይስጥ «መገሸሬት» ነው፤ ድልድይ የምትሆን ሴት እንደማለት። ስለዚህ አለቃዬ ያመሰገነኝ በደመወዝ ወረቀቴ ላይ በተጻፈው ነው። ሳቅሁ፣ አመሰገንሁ፣ ኬኬን በላሁ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጆቼ እናታችን ምን ትሠራ ነበር ተብለው ቢጠየቁ «አስተርጓሚ» ብለው ያልፋሉ። አሁን በእኔ ወንበር ላይ ሰው አልተቀመጠም። ስክሪን ያለው ስልክ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ፊት ይደቀናል፣ ከሌላ ከተማ አንድ ድምፅ ይተረጉምለታል። ክፉ ነው አልልም፤ ድምፁ ትሑት ነው፣ ሰዓቱንም ያከብራል። ይህን የምጽፈው ድምፁ የማያየው ነገር ስላለ ነው፤ ያንን ማየት ያስተማሩኝን ሰዎችም ሳላመሰግን መሞት አልፈልግም።

እስራኤል፣ ቤርሼቫ የገባሁት በፈረንጅ ዘጠና አንድ በበረራ ከመጡት ቤተ እስራኤሎች ጋር ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ በሆስፒታል ወለል መወልወል ነበር። ዕብራይስጥ የለቀምሁት ከማታ ትምህርትና ከነርሶች ጭቅጭቅ ነው፤ ከነርሶቹ የተማርሁት ይበልጣል። አንድ ቀን በምወለውልበት ክፍል አንዲት እማማ ተኝተዋል። ነርሷ በምልክትም በቃልም «በልተሻል? ተኝተሻል? ደህና ነሽ?» ትላቸዋለች። እማማ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። እኛ አገር ይህ «አዎ» ማለት ነው። ነርሷ ግን ደነገጠች፤ ሮጣ የኦክስጅን ጭንብል አመጣች። እማማም ሰው ያመጣላቸውን እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስላቸው ጭንብሉን አድርገው ተቀመጡ። እኔ መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጤ «አየር አላጠራትም፣ አዎ እያለች ነው» አልሁ። ሐኪሙ ሳቀና «አንቺ እዚህ ቆይ» አለኝ። ሁለተኛው ሥራዬ እንዲህ ጀመረ።

ከዚያ በአንድ የሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ለዓመታት አስተረጎምሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ ኮቢ የሚባል ችኩል ሰው ነበር። ሽማግሌው ስለ ጉልበቱ ከመናገሩ በፊት የሐኪሙን ቤተሰብ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያነሣል፣ ፈጣሪን ያመሰግናል። ኮቢ በር ላይ ቆሞ «ባጭሩ ምን አለ?» ይለኛል። ያኔ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ግን አመሰግነዋለሁ። ከብዙ ቃል ውስጥ ፍሬውን መልቀም ያስለመደኝ እሱ ነው። የቀረውን ለብቻዬ ተማርሁት። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ሐኪሙ «አንተ» ሲል እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ ሽማግሌውም ሐኪሙ ጨዋ ነው ብለው ይሄዳሉ። የልደት ቀን ደግሞ የብቻው ጣጣ ነው። ስንመጣ ቀናችንን ለማናውቀው ሁሉ የጃንዋሪ መጀመሪያ ተሰጠን፤ በእኛ ሕንፃ ሻማ ቢበራ ኖሮ በዚያ ቀን እሳት አደጋ በተጠራ ነበር።

ሪናን ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። በከተማዋ መሐል በአንድ አሮጌ ሕንፃ፣ የአዛውንቶችን ወረቀት የሚያስተካክል ትንሽ ማኅበር ነበረ። ዕድሜው የተሳሳተ፣ ስሙ የተገለበጠ፣ የጋብቻ ማስረጃ የጠፋበት ሁሉ እዚያ ይመጣል። ሪና ከሞሮኮ በልጅነቷ የመጣች፣ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ደመወዙ ከክሊኒኩ ያንሳል ብላ አስቀድማ ነገረችኝ፤ እኔም ገባሁ።

ጠባይዋን ብዘረዝር አያልቅም። ባለጉዳይ ሲገባ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥታ መጥታ ከእሱ ጎን ትቀመጣለች፤ ጠረጴዛው ብቻውን ይቀራል። የሽማግሌውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥታ ታነባለች፣ እኔም እተረጉማለሁ፤ «ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ሳይሰማ እንዴት ስህተቱን ያውቃል?» ትል ነበር። ሰውየው ወለል ወለሉን እያየ ከሆነ አትጠይቅም፤ ቀና እስኪል መነጽሯን ትወለውላለች። በመጨረሻም ሌላ ቢሮ ሰምቼው የማላውቀውን አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ይህ ወረቀት ሲስተካከል ማን እንዲያየው ትፈልጋለህ?» መጀመሪያ ጥያቄው ከንቱ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን አንዱ «ልጄ»፣ አንዱ «ጎረቤቴ»፣ አንዷ «የሞተው ባሌ» ስትል የሰው ጉዳይ ከወረቀቱ ውጭ እንደሚኖር ገባኝ።

አባባ እንግዳው አንድ ቀን ሽኩና ኣሌፍ ከሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ መጡ። ስማቸውን ለውጬዋለሁ። ሰማንያ የተጠጉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በበጋም ኮት የማያወልቁ ሰው ናቸው። ከኮታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በንጉሡ ዘመን ከጦሩ ሲሰናበቱ የተሰጣቸው ነው። ሪና አማርኛ ስለማታነብ እኔ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ከተቀጠሩበት ቀን እስከ ተሰናበቱበት ቀን አዲስ አበባ በጥበቃ ሥራ ላይ ነበሩ ይላል።

«ውሸት ነው ትላለህ?» አለች ሪና፤ እኔም «ውሸት ነው ይላሉ?» አልኋቸው።

«ውሸት አይዶለም፣ ልጄ» አሉ። «ጎዶሎ ነው። መሐሉ የለም። መሐሉን እኔ ባሕር ማዶ ነበርሁ፤ ኮሪያ።»

ከጅቡቲ በመርከብ መሄዳቸውን ነገሩን። ሲመለሱ ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ቆይተዋል፤ ከዚያ ያሰናበታቸው ሌላ ክፍል ነው፣ ዘመቻቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረበትም። ያ ክፍል የሚያውቀውን ብቻ ጽፎ ሰጣቸው። እሳቸውም ማንበብ አያውቁም፤ ማኅተም አለው ብለው ተቀበሉ።

ሪና መነጽሯን ወለወለችና ያንን ጥያቄዋን ጠየቀች። አባባ እንግዳው ወረቀቱን መልሰው በፌስታሉ ጠቀለሉ።

«ልጄ እንድታየው» አሉ በመጨረሻ። «አለሚቱ ትባላለች። እዚሁ፣ ሽኩና ቤት የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖር። መንገድ ላይ ካየችኝ ትሻገራለች።»

ታሪኩ ይህ ነው። ሲዘምቱ ሚስታቸው ይታይሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። በነጋዴ «ባሕር ማዶ ልሄድ ነው» ብለው ላኩባት። እሷም ለጠየቃት ሁሉ «ባሌ ባሕር ማዶ ዘምቷል» ትላለች። ዓመታት አለፉ። የእኛ ሰው በዚያ ዘመን ባሕር የሚባለውን ያየ ስለሌለ ይሥቁባታል፤ ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ «የባሕር ማዶዋ መጣች» ይሏታል። እሳቸው ሲመለሱ የይታይሽ አባት ሽማግሌ ሰበሰበ። «እውነት ዘምተህ ከሆነ ወረቀትህ ይነበብ» ተባለ። ፊደል የቆጠረ ሰው ከገበያ ከተማ ተጠርቶ በጉባኤው መሐል አነበበ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ይላል። «ከተማ ተቀምጦ፣ ሌላ ሴት አግብቶ፣ ልጄን መሣቂያ አደረጋት» አለ አባቷ። ጋብቻው በዚያው ቀን ፈረሰ። ይታይሽ አንድ ቃል እንኳ አልተጠየቀችም።

«ይክሱኝ ብዬ አይዶለም» አሉን አባባ እንግዳው። «ይሸልሙኝም አላልሁ። ይታይሽ ሞታለች። ልጇ ግን እናቷ ሞኝ እንደነበረች ነው የምታውቀው።»

ሪና ይህን ስተረጉምላት እርሳሷን አስቀመጠች። «ወደ ልጅቷ ሂጂ» አለችኝ። «ለማስታረቅ አይደለም። ምን እንደምታምን ብቻ ስሚ።»

እትዬ አለሚቱ ሃምሳን ያለፈች፣ በአንድ የአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ማን እንደላከኝ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ፤ ደጅ ግን አላስቀረችኝም። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ቆማ ተናገረች።

«እናቴ ለሰው ሁሉ ‹ባሕር ማዶ ነበር› እንዳለች ሞተች። ልጅ ሆኜ አምናት ነበር። ኋላ ግን ሰው ሁሉ የሚሥቅባትን ሰው ማመን ይደክማል፣ ገባሽ? አንድ ቀን ‹እማዬ በቃሽ፣ ተነቦ የለም ወይ!› አልኋት። ዳግመኛ በፊቴ አላነሣችውም።»

«ወረቀቱ ስህተት ቢሆንስ?» አልሁ።

«ቤታችንን ያፈረሰው ወረቀት ነው» አለች። «ስህተት ነው የሚለውም ወረቀት ይሁን። የሽማግሌ ወሬ አልፈልግም። ካፒሽ?»

ካፒሽ ያለችው፣ ገባሽ ለማለት፣ ልጆቻችን ከቴሌቪዥን የለቀሙትን ቃል ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እሥቅ ነበር።

ማመልከቻውን ጻፍን። አዲስ አበባ ያለው የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ቤት መለሰልን፤ አንድ ኃላፊ አመልካቹን በስልክ ያነጋግራል ተባለ። ሪና ተደሰተች። እኔም ተደሰትሁ፤ ንግግሩ በአማርኛ ስለሆነ የእኔ ሥራ ወንበር ማቅረብ ብቻ መሰለኝ። በቀጠሮው ቀን አባባ እንግዳው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። የስልኩን ድምፅ ክፍሉ እንዲሰማው አድርገን ተቀመጥን።

ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር። ሰላምታውን አሳምሮ አቀረበ። ከዚያ «አባቴ፣ በዘመቻው ላይ ምን ሠሩ?» አለ።

«ኧረ እኔ ምን ሠራሁ!» አሉ አባባ እንግዳው። «የሠሩትስ እዚያው ወደቁ።»

«በውጊያ ላይ ተካፍለዋል?»

«እኔማ ምን ተዋጋሁ፣ ልጄ። ወንዶቹ ተዋጉ።»

«ታዲያ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከነሱ ኋላ ነበርሁ እንጂ የት እሆናለሁ።»

እኔ ወንበሬ ላይ እቁነጠነጣለሁ። የእኛ ሰው ስለ ራሱ በማያውቀው ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው። እኔ እንዲህ ሠራሁ፣ እንዲህ ጣልሁ ብሎ ቢሮ ውስጥ የሚዘረዝር ሽማግሌ ቀላል ሰው ይባላል። ሰሚው ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ የአባባ እንግዳውን ዓይንና ቀጥ ያለ ጀርባ አይቶ ምን እያሉ እንደሆነ ይረዳ ነበር። በስልክ ግን የሚሰማው ቃሉ ብቻ ነው፤ የሚጽፈውም የሰማውን ነው። ላቋርጥ ስል ኃላፊው በጨዋነት «እኅቴ፣ እሳቸው ይናገሩ» አለኝ። ልክ ነበር። ሕጉም ያው ነው።

ከሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ። አመልካቹ በውጊያ አለመሳተፋቸውን በራሳቸው አንደበት ስለገለጹ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል ይላል። አነበብሁላቸው። አባባ እንግዳው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ስለ ድካማችን አመሰገኑን፣ መረቁን። ከዚያ ወደ በሩ ሲሄዱ ያ ቀጥ ያለ ጀርባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብጦ አየሁት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጉዳይ ወድቆብኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልቅሼ አላውቅም።

ሪና አላባበለችኝም። የስልኩን ንግግር ከመጀመሪያው አንድ በአንድ እንድነግራት አደረገች፤ እኔም ምን እንዳሉና ምን ማለታቸው እንደሆነ ለየብቻ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ «ወረቀቱን አዘጋጀን፣ ሰውየውን አላዘጋጀንም» አለች። ቆይታም «እኔ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ብቻ የምታስፈልጊ መስሎኝ ነበር። ከአማርኛ ወደ አማርኛም ታስፈልጊያለሽ» አለችኝ። ሹመት የተሰጠኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰውየውን ለማዘጋጀት ሞከርን። አባባ እንግዳውን ጠርተን «እንዲህ ሲሉዎት እንዲህ ይበሉ» አልናቸው። ሳቁብን። «በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ላመስግን? ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል?» አሉ። «ያዩ ሰዎች ይናገሩ እንጂ።» ያዩት የታሉ ስንላቸው እጃቸውን ዘረጉ፤ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሪና ግን ጉዳዩን አልዘጋችውም። «ዐዳይን ሎ» አለች፤ ገና ነው ማለቷ ነው። የማይሆን ጉዳይ ሁሉ በእሷ አፍ ገና ነበር።

በዚያው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ አገባ። አዳራሹ በከተማዋ ዳር ከፋብሪካዎቹ አጠገብ ነው፤ እንደ ሰርጋችን ሁሉ አገር የሚያህል ሰው ተጠርቷል። ሪናንም ጠራናት። ሽማግሌዎቹ አንድ ወገን ተቀምጠዋል፣ እትዬ አለሚቱ ከሴቶቹ ጋር ናት፣ አባቷ በሌላው ጥግ። ምሳው ተበልቶ መሰንቆው ሲግል፣ አንድ ሰው አባባ እንግዳውን «ይነሡ እንጂ!» አላቸው። እምቢ አሉ፤ ተለመኑ፤ ተነሡ።

ፉከራ ላይ ሰው ራሱን ቢያነሣ አያስነውርም። ቦታው ነው። ግን ደንብ አለው፤ ባልዋሉበት መፎከር አይቻልም። የዋለበት ሰው ከጉባኤው መሐል ተነሥቶ ያሳፍራል። ለዚህ ነው ሽማግሌዎች ፉከራን ከመሐላ አሳንሰው የማያዩት። አባባ እንግዳው ምርኩዛቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ቢሮ ውስጥ የማውቃቸው ሰው ጠፉ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የፈረደ ልጅ!
ባሕር የተሻገረ፣ በረዶ ላይ ያደረ፣
የቆሰለ አለቃውን ጉብታ ላይ ያላስቀረ!»

«ባሕር» የሚለውን ቃል ሲያወጡ እትዬ አለሚቱ ቦርሳዋን አንሥታ ከአዳራሹ ወጣች። አባቷ አዩዋት። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ምርኩዛቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ጊዜ ከሩቅ ጠረጴዛ አንድ የደከመ ድምፅ «ቃሬዛውን በኋላ በኩል ማን ያዘ?» አለ።

ስለ ቃሬዛ የተናገረ ሰው አልነበረም። አባባ እንግዳው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ።

«ካሴ» አሉ። «ካሴ የሚባል የደብረ ታቦር ልጅ ነበር።»

«አለሁ!» አለ ድምፁ። «እንግዳው፣ አለሁ!»

አባባ ካሴ በቅርብ ከመጡት ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው የእኛው ወገን ሆነው እሳቸው በክርስትና ያደጉ፣ ወደ አይሁድነት ተመልሰው ከልጆቻቸው ጋር የመጡ ሰው። ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ የሙሽራዋ ቤተሰብ ጠርቷቸው ነው። በጦሩ ውስጥ ሁለቱም ስለ ዘራቸው ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበርና፣ አንዱ ሌላውን እዚህ አገር ይፈልገዋል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ፣ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲያለቅሱ፣ መሰንቆ መቺው እንኳ መምታቱን ትቶ ቆመ። ሪና ምን ተፈጠረ ብላ ክንዴን ትጎትተኛለች፤ እኔ ግን መተርጎም አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ብቻ።

በማግሥቱ ነገርኋት። ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አንዱ ስለ ራሱ አይናገርም፤ ስለ ጓደኛው ግን ይናገራል?»

«ሲያደንቅ ይውላል» አልሁ።

«እንግዲያው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።»

አባባ ካሴን ያሰናበታቸው አብሯቸው የዘመተው ክፍል ስለሆነ በእሳቸው ወረቀት ላይ ዘመቻው ሙሉ ተጽፏል። ያንን አያይዘን ሁለተኛ የስልክ ቀጠሮ ጠየቅን፤ መዝገብ ቤቱም ምስክር አለ ስንል በደስታ ፈቀደ። ያው ትሑት ኃላፊ ነበር። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ፈቃድ ጠየቅሁና «እነዚህ አባቶች ስለ ራሳቸው አይናገሩም፤ እባክዎ እያንዳንዳቸውን ስለ ሌላው ይጠይቁ» አልሁት። እሱም «አባቴም እንዲሁ ነበሩ» አለ።

አባባ ካሴ ጀመሩ። መርከቡን፣ ብርዱን፣ ጉብታውን ተናገሩ። አለቃቸው ሲቆስል እንግዳው ተመልሶ እንደገባ፣ ቃሬዛውን በፊት በኩል ይዞ ቁልቁል እንደወረደ፣ ሳንባው የታመመው በዚያ ብርድ እንደሆነ። አባባ እንግዳው ከጎን «ኧረ ተው ካሴ፣ አታጋንን!» እያሉ ክንዳቸውን ይመቷቸዋል። ተራው ሲደርስ እሳቸው የካሴን ጀግንነት ጀመሩ፤ አሁን ደግሞ ካሴ «ውሸት ነው!» ይላሉ። ኃላፊው በስልኩ ወዲያ ማዶ ሲሥቅ ሰማነው። «ይበቃል አባቶቼ፣ ጽፌዋለሁ» አለ።

የተስተካከለው ወረቀት በሪና ስም ባለው ፖስታ መጣ። አባባ እንግዳው ወደ ልጃቸው ይዘውት አልሄዱም፤ «አንቺ አድርሽልኝ፣ በሯን ብታንኳኪ ትከፍትልሻለች» አሉኝ። ወሰድሁት። እትዬ አለሚቱ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ላንብብልሽ?» አልኋት።

«እዚህ አታነቢልኝም» አለች። «ያኛው የተነበበው በሽማግሌ ፊት ነው።»

የእናቷ አዝካራ ደርሶ ነበር፤ የሙት ዓመት መታሰቢያ። በዚያ ቀን እቤቷ የቤተ እስራኤል ቄሳችን መጡ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ። ይታይሽን የሚያውቁ፣ ወንዝ ዳር «የባሕር ማዶዋ» ካሏት መሐል አሁን ያረጁ አንዳንድ ሴቶችም ነበሩ። አባባ ካሴ ተጠርተዋል። ሪና ጥግ ላይ ቆማለች። አባባ እንግዳው በር ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ልጃቸው ራሷ ሄዳ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና ከቄሱ ጎን አስቀመጠቻቸው።

ከጸሎቱ በኋላ ወረቀቱን አምጥታ ሰጠችኝ። ቀስ ብዬ ጀመርሁ፦ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የተሳፈሩበትን ወር። ገና ወደ ባሕሩ ሳልደርስ እትዬ አለሚቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«እንደገና ጀምሪ» አለች። «ድምፅሽንም ከፍ አድርጊ፤ እናቴ የተቀበረችው ሩቅ ነው።»

መስኮቱን ከፈተችልኝ። እኔም ተነሥቼ ቆምሁና ከመጀመሪያው፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ አነበብሁት።